ድምፄን ዝቅ ያደረግኩበት ሰሞን

የካቲት 3

ተቀበሉኝ። ከሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሃያ ሰው ብቻ የሚወስደው የልህቀት ፕሮግራም ውስጥ ገባሁ። ስሜን ሰሌዳው ላይ ሳየው "አለሁበት!" ብዬ ጮህኩ። የሬጅስትራር ጸሐፊዋ መስኮቷን ከፈት አድርጋ "እኛም ሰማን" አለችኝ።

ለእማዬ ደወልኩላት። ከኋላዋ የአባባ መጋዝ ስለሚጮህ እንደ ልማዳችን ተጯጯህን። ቤታችን ከአባባ የእንጨት ሥራ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናል። እኛ ቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ሰው እያማ ነው። አባባ ስልኩን ተቀብሎ "እንግዲህ ከጎበዝም ጎበዝ ተባልሽ?" አለኝ። "እስከ ሚያዝያ ካልጣሉኝ" አልኩት። ቀልድ መሰለው።

ቀልድ አይደለም። ሚያዝያ ላይ ግማሾቻችንን ያሰናብታሉ።

የካቲት 5

የመጀመሪያ ስብሰባ። ሁላችንም ተራ በተራ ተነስተን ራሳችንን አስተዋወቅን። እኔ ስናገር ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ደንግጣ እስክሪብቶዋ ወደቀ።

ከዚያ አስተባባሪያችን ደንቡን ነገሩን። እሳቸው ሽበታቸውን ወደ ኋላ ጥፍር አድርገው የሚያስሩ፣ ሲቆጡም ሲያመሰግኑም ፊታቸው የማይለወጥ ሴት ናቸው። ሁላችንም የየራሳችንን ጥናት እንሠራለን። በመጨረሻው ቀን ግን የራሱን ጥናት የሚያቀርብ የለም። ሁለት ሁለት ሆነን እንጣመራለን፤ የእኔን ጥናት ጥንዴ ያቀርባል፣ ለፈታኞቹም እሱ ይመልሳል። የእሱን ደግሞ እኔ። የጥናቱ ባለቤት አጠገቡ ተቀምጦ አፉን ይዘጋል። ጥንድ አብሮ ያልፋል፣ አብሮ ይወድቃል።

አንዱ ልጅ "ለምን እንዲህ ሆነ?" ብሎ ጠየቀ።

"የራሱን ሐሳብ መናገር የማይችል ጎበዝ ተማሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም" አሉ። "የሰው ሐሳብ የሚሰማ ግን ፈልጌ ፈልጌ ነው የማገኘው።"

የካቲት 7

ጥንዶች ተለጠፉ። የደረሰኝ ዘንበሌ ነው! ስሙን ያወጡለት ልጆቹ ናቸው። ሰው ሲያናግረው አንገቱን እንደ ዳኛ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያደርጋል። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነው። ከክፍል ክፍል ብንዞርም የሚቀመጥበት አይለወጥም፤ ፊተኛው ረድፍ፣ ግራ ጥግ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ። ከማንም ጋር ብዙ አያወራም። ኩሩ ነው ይሉታል።

ምን አለ ከሌላ ሰው ጋር ቢያደርጉኝ።

የካቲት 11

ዘንበሌን ፈርቼው ነበር፤ ለካ ደህና ልጅ ነው። ጥናቱ ስለ ደረጃ ነው። የግቢያችን አሮጌ ሕንፃዎች የድንጋይ ደረጃ የት የት ጋ እንደተበላ ይለካል። "ሰው የት እንደሚረግጥ ደረጃው ይናገራል፤ መደገፊያ ብረቱን ግን ማንም ሳይጠይቀው ሌላ ቦታ ተክለውታል" አለኝ። የእኔ ትልቁ የንግግር አዳራሽ ነው፤ ከኋላ ረድፍ የሚቀመጥ ተማሪ መምህሩ ከሚናገረው ምን ያህሉን ይሰማል የሚል።

ግቢውን ዞርን። እኔ ለፈለፍኩ፣ እሱ አዳመጠ። ያልኩትን መልሶ ሲነግረኝ አንድ ነገር አልጎደለውም። ስንሄድ እሱ ሁልጊዜ በግራዬ በኩል ነው፤ ቦታ ብቀይርም ዞሮ ይመጣል። ሰው ስንት ዓይነት ልማድ አለው።

የካቲት 14

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእኔ ጆሮ ግን ዛሬ ዘመድ ሆኖ የራሴን ሐሜት አሰማኝ።

የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ ስወጣ ከላይ ሁለት የፕሮግራሙ ልጆች እያወሩ ነበር። አንዷ ያቺ እስክሪብቶ የጣለችው ናት። "ያቺ ጡሩንባ ስትናገር ጣሪያው ይነሳል እኮ። የጨረታ አዳራሽ መሰላት እንዴ?" አለች። ሌላዋ "እኔስ ያሳዘነኝ ዘንበሌ ነው። ሚያዝያ ሳይደርስ ጆሮው ይጠፋል" አለቻት። ሳቁ።

ወደ ታች ተመለስኩ። ጡሩንባ እባላለሁ ማለት ነው። ማታ ዶርም ውስጥ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ፤ ያንንም በቀስታ።

ከነገ ጀምሮ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላል አባባ፣ እሱ ራሱ ዝም ብሎ ባያውቅም።

የካቲት 19

የዶርም ጓደኛዬ አሠልጣኜ ሆናለች። የሕግ ተማሪ ናት፤ ድምፅዋ ከልብስ መሳቢያ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። "ለራስሽ እንደምትነግሪው አድርገሽ ተናገሪ" ትለኛለች። ሦስት ቀን ተለማመድኩ። ዛሬ በስብሰባው ላይ ሐሳብ ስሰጥ ዞሮ ያየኝ ሰው የለም። ደስ አለኝ። እንደዚህ ነው የተማረ ሰው የሚናገረው።

ዘንበሌ ብቻ ግንባሩን ቋጥሮ አፍ አፌን ሲያይ ነበር። ሐሳቤን አልወደደው ይሆናል።

የካቲት 24

ዘንበሌ ተለወጠብኝ። ካፌ ውስጥ ተቀምጠን የጥናቴን ሁለተኛ ክፍል ቀስ ብዬ በዝርዝር አስረዳሁት። እሺ፣ እሺ ይላል። "እስቲ መልሰህ ንገረኝ" ስለው ግማሹን ከራሱ ፈጠረ። ያ አንድ ነገር የማይጎድለው ልጅ!

ከካፌው ወጥተን ደረጃው ላይ እንቀመጥ ይለኛል። ምን በወጣኝ? ካፌው ውስጥ ሬዲዮ ስላለ ድምፄ ትንሽ እንኳን ቢያመልጠኝ ማንም አይሰማኝም።

የካቲት 28

ዛሬም እንደዚያው። ሦስቴ ጠራሁት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ሮጬ ትከሻውን ስነካው ደነገጠ። ምን በድዬው ነው?

መጋቢት 2

አዳራሹ ውስጥ ሙከራዬን ሠራሁ። አንባቢ መድረኩ ላይ ቆሞ ቃላት ያነባል፣ በየረድፉ የተቀመጡ ተማሪዎች የሰሙትን ይጽፋሉ። አንዴ የጣሪያው ማራገቢያዎች ጠፍተው፣ አንዴ እየዞሩ። ማራገቢያዎቹ ሲዞሩ የኋላ ረድፎች ከቃላቱ ሲሶውን አጡ። ይህን ውጤት ሳይ ልቤ ዘለለ።

ዘንበሌ ግን አድማጭ ሆኖ አልቀመጥም አለ። የገዛ ጥንዴ። "ሌላ ሥራ ስጪኝ። ወረቀት ላድል፣ መስኮት ልዝጋልሽ" አለኝ። አኮረፍኩ። ሲያልቅ መጥቶ "ፊት ተቀምጦ የማይሰማስ ሰው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ፊት ተቀምጦ የማይሰማ ሰው ማዳመጥ ያልፈለገ ነው" አልኩት። አስደገመኝ። ስደግመው ገባው መሰለኝ ወረቀቶቹን መሰብሰብ ጀመረ። ጥሩ መልስ ስለሆነ ጥናቴ ውስጥ አስገባሁት።

መጋቢት 10

እማዬ ደወለች። "ምነው፣ ድምፅሽ? አሞሻል?" አላመመኝም አልኳት። "ታዲያ ማንን እያማሽ ነው?" ስልኩን ለአባባ ሰጠችው። አባባ ሁለቴ "ሃሎ" ብሎ መልሶ ሰጣት። "ይህቺ ልጅ እዚያ የሚበላ አታገኝም፤ ድምፅዋ ከስቷል" ሲላት ሰማሁት።

ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። እነሱን እንኳን በገዛ ድምፄ አላናገርኳቸውም።

መጋቢት 16

ልምምድ ነበር። ውርደት።

ዘንበሌ የእኔን ጥናት አቀረበ። አቀራረቡስ ጥሩ ነበር። ከዚያ የፊዚክስ መምህሩ፣ ከፈታኞቹ አንዱ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ሆነው ጥያቄ ጠየቁት። ጥያቄው "ለምን?" የሚል ነው። ዘንበሌ "አዎ" ብሎ መለሰ። አዎ! አዳራሹ ሳቀ። ሌላ ጠየቁት፣ ፈገግ ብሎ ዝም አላቸው።

አስተባባሪዋ ሲወጡ "ጥንድ መቀየር የሚፈልግ እስከ ዓርብ ይንገረኝ" አሉ። እኔን አላዩኝም። ግን ለእኔ ነው ያሉት።

መጋቢት 17

ልቀይር?

የእሱን ጥናት እኔ እንደ ውኃ ጠጥቼዋለሁ። የእኔን እሱ ገደለው። አብሮ ይወድቃል የሚለው ደንብ ለእሱ ምኑ ነው፣ የእኔን መግባት ግን አባባ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቶታል።

የዶርም ጓደኛዬ "ቀይሪ፣ ምን ችግር አለው?" አለችኝ። ልክ ናት። ለምንድነው ታዲያ እንደ ሌባ የሚሰማኝ? ትላንት ሲስቁበት ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ዓይኑ እኔን ይፈልግ ነበር። እኔ ወረቀቴን አየሁ።

መጋቢት 18

ልክ እንደሆነው ልጻፈው።

ከሰዓት በኋላ አስተባባሪዋ ቢሮ ሄድኩ። በዚያ በተማርኩት ድምፅ "ጥንድ መቀየር ፈልጌ ነበር" አልኩ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"ከሃያው ተማሪ እዚህ ቢሮ ድረስ መጥቶ 'ከእገሊት ጋር አድርጉኝ' ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው" አሉኝ። "እሱ ነው። እገሊትም አንቺ ነሽ።"

"ለምን አለ?"

"እኔም ጠይቄው ነበር፤ 'እሷ በደንብ ትገባኛለች' ብሎ አለፈኝ። የቀረውን ራስሽ ጠይቂው። ጥንድሽ አይደል?"

ዘንበሌ አሮጌው ሕንፃ ደረጃ ላይ ተንበርክኮ ነበር፣ ማስመሪያና ክር ይዞ። ንዴትም፣ ሐፍረትም፣ ምኑም ምኑም ተደባልቆብኝ ከታች ሆኜ "ለምንድነው እኔን የመረጥከኝ?" አልኩት። አልኩት ማለት ጮህኩበት። ድምፄ ከእጄ አመለጠኝ። እርግቦቹ ተነስተው በረሩ።

ቀና አለ። ወር ሙሉ ያላየሁት ፊት ነበር።

"እንኳን ደህና መጣሽ" አለኝ።

"ምን?"

"ድምፅሽን ነው። የት ሄዶ ነው የቆየው?"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ተነሳና ዞሮ በግራዬ ተቀመጠ። ከዚያ ነገረኝ። ልጅ ሆኖ ማጅራት ገትር ይዞት ነበር። ግራ ጆሮው ጭራሽ አይሰማም፣ ቀኙም ጸጥታ ሲሆን ነው የሚሠራው። ያመለጠውን የሰው አፍ እያየ ይሞላዋል። "የመጀመሪያ ቀን ሁላችሁም ራሳችሁን ስታስተዋውቁ ሳልደክም የሰማሁት ያንቺን ነው። የሌሎቹን ስም ሰሌዳ ላይ ነው ያነበብኩት" አለኝ።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ልነግርሽ ነበር። ከዚያ ድምፅሽን ቀነስሽ። ሰው ስሰለቸው ድምፁን ይቀንሳል፤ አውቀዋለሁ። የሰለቸሁሽ መሰለኝ።"

የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ትዝ አለኝ። ፊት ተቀምጦ የማይሰማ ሰው። አስደግሞኝ ነበር እኮ፤ ሁለቴ አልኩት። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ስንት ሳምንት ሙሉ ሰው ከኋላ ረድፍ ሰማ አልሰማ እያልኩ ስለካ፣ አጠገቤ የተቀመጠውን አላየሁም። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመ። ሳልጨርስ ስለ ሁለቱ ልጆች፣ ስለ ጡሩንባው፣ ስለ ሥልጠናው ሁሉንም ዘከዘክሁለት። ዘንበሌ ማስመሪያው ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ።

"ጆሮው ይጠፋል አሉ? ግማሹ ቀድሞ ጠፍቷል በያቸው።"

ሲረጋጋ አንድ ነገር አስማለኝ፤ ለፈታኞቹ እንዳልናገር። "አዝነው ካሳለፉኝ ያለፍኩት እኔ አይደለሁም" አለኝ።

ማልኩለት። አልቀየርኩም።

መጋቢት 21

ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኳት። መሰረዝ አይበቃም ብዬ ሙከራውን እንደገና ሠራሁ፤ ዛሬ ዘንበሌ አድማጭ ሆኖ ተቀመጠ። ማራገቢያዎቹ ሲዞሩ ፊተኛው ረድፍ ላይ ሆኖ መጨረሻ ረድፍ ከተቀመጡት እኩል አጣ። ማራገቢያው ጠፍቶ፣ አንባቢው ከቀኙ ቆሞ፣ ፊቱን እያሳየው ሲያነብ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ጻፈ። አዲስ ክፍል ጨመርኩ። ስሙን አልጻፍኩም፤ "አንድ አድማጭ" አልኩት።

ጥናቴ እስከ ዛሬ ጥናት አልነበረም። አሁን ገና ነው የሆነው።

መጋቢት 27

ዘንበሌ የቤተ መጻሕፍቱን ደረጃ አሳየኝ። እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ አንድ ጎድጓዳ ሳይሆን ሁለት አለ፣ ጎን ለጎን። ሰው ከቤተ መጻሕፍት የሚወጣው ከሰው ጋር እያወራ ስለሆነ ነው አለኝ።

"ብቻውን የሚሄድስ?"

"ብቻውን የሚሄድ መሃሉን ነው የሚረግጠው። መሃሉ ደግሞ ይኸው፣ ገና አልተበላም።"

እኔ ቀኙን፣ እሱ ግራውን ይዘን ወረድን። የዶርም ጓደኛዬ ስታየን ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አላውቅም። ስለ ሥራ ነበር የምናወራው።

ሚያዝያ 4

ፈታኞቹ በደንቡ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ሙቀቱ ደግሞ ብሷል፣ ማራገቢያ የሚያጠፋ የለም። ዘንበሌ "እንደ ምንም አፋቸውን አያለሁ" ይላል። ከዚያ ርቀት? የፊዚክስ መምህሩ ደግሞ ጢማቸው!

ዛሬ አስተባባሪዋ በር ድረስ ሄድኩ። አንድ ቃል ብናገር ያልቅ ነበር። መሐላዬ ያዘኝና ተመለስኩ። ብናገር ከሃዲ፣ ባልናገር ሰው ሲወድቅ ቆሞ ተመልካች። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ስል የጽዳት ሠራተኛዋ "ልጄ፣ ወይ ግቢ ወይ ውጪ፤ ወለሉ እርጥብ ነው" አሉኝ።

ሚያዝያ 7፣ ጠዋት

ዘንበሌ ቁርስ አልበላም አለኝ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ማራገቢያዎቹ እየዞሩ ነው። ተጠራን።

ሚያዝያ 7፣ ማታ



መጀመሪያ እኔ የእሱን ደረጃዎች አቀረብኩ። በራሴ ድምፅ። ሰውን አይቼ ሳይሆን እሱ እንዲሰማኝ ብዬ ነው። ስጨርስ በጭንቅላቱ እሺ አለኝ። ተቀመጥኩ።

ከዚያ እሱ ተነሳ፣ የእኔን አቀረበ። ንጹሕ አድርጎ፣ ከእኔ በተሻለ። የጥያቄው ሰዓት ደረሰ። የፊዚክስ መምህሩ ከመጨረሻው ረድፍ ተናገሩ። ዘንበሌ አንገቱን ዘንበል አደረገ።

"አልሰማሁም" አለ።

ደገሙለት።

"አሁንም አልሰማሁም።" አንድ ሰው ሳቅ ብሎ አፈነው። ዘንበሌ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ግራ ጆሮዬ አይሰማም" አለ። "ቀኙ ይሰማል፣ እነዚህ ማራገቢያዎች ሲዞሩ ግን የእርስዎ ድምፅ አይደርሰውም። ጥናቱ ውስጥ አንድ አድማጭ የተባለው እኔ ነኝ። በልምምዱ ቀን 'አዎ' ብዬ የመለስኩልዎት ጥያቄውን ሳልሰማ ነው። አፍሬ ነበር። ይህን ጥናት ሳነብ ግን ማፈር ያለብኝ እኔ እንዳልሆንኩ ገባኝ። ከእርስዎ ጎን የሚቀመጡት ተማሪዎችም እንደኔ ሳይሰሙ እሺ፣ እሺ እያሉ ነው የሚወጡት። ጥያቄውን ጥንዴ ብትደግምልኝ እመልሳለሁ።"

 ሌላዋ ፈታኝ "የጥናቱ ባለቤት አፉን ይዘጋል፤ ደንብ ነው" አሉ።

አስተባባሪዋ ከቦታቸው ሳይነሱ "የጥናቱ ባለቤት አይመልስም ነው ደንቡ" አሉ። "ጥያቄ አይደግምም የሚል የለበትም።"

ተነሳሁ። ድምፄ አልከዳኝም። የፊዚክስ መምህሩን ጥያቄ እንዳለ ወስጄ፣ እቤታችን በመጋዙ ላይ እንደምናወራው፣ በማራገቢያዎቹ ላይ አሻግሬ ወረወርኩት። "መምህሩ ድምፃቸውን ከፍ ቢያደርጉ አይበቃም ወይ? ክፍሉን መለወጥ ለምን አስፈለገ?"

ዘንበሌ ፈገግ አለ። "አሁን ሰማሁ" አለ። "አይበቃም። እንደ እሷ ዓይነት ድምፅ ያለው መምህር በየክፍሉ አይገኝም። ስለዚህ መስተካከል ያለበት ክፍሉ ነው።" ከዚያ አንድ በአንድ ዘረዘረላቸው፤ ማራገቢያውን፣ የመቀመጫውን አደራደር፣ መምህሩ የሚቆምበትን። አንድ ነገር አልጎደለውም።

ሰዉ ሳቀ፣ ዛሬ ግን ሌላ ሳቅ ነበር። የፊዚክስ መምህሩ ወረቀታቸውን ሰብስበው ተነሱ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ደረጃውን ወርደው ፊት ለፊት፣ በዘንበሌ ቀኝ በኩል ተቀመጡና ሁለተኛውን ጥያቄ ከዚያ ጠየቁት።

ሚያዝያ 9

አልፈናል። ሁለታችንም።

እስክሪብቶ የጣለችው ልጅ ሰሌዳው አጠገብ መጣች። እሷም አልፋለች። "ያን ቀን ከኋላ ነበርኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ የሰማሁት ያንቺን ጥያቄ ብቻ ነው" አለችኝ። "ነገ ከፊት ተቀመጪ" አልኳት።

ለእማዬ ደወልኩ። መጋዙ እንደ ሁልጊዜው ይጮሃል። "አልፈናል!" ብዬ ጮህኩ፤ ዘንበሌ በግራዬ ቆሞ ጆሮውን በእጁ ደፈነ፣ የሚሰማውን። እማዬ ስልኩን አርቃ ይሁን አቅርባ አላውቅም፣ "ቆይ ለአባትሽ ልንገረው" አለች።

መንገር አላስፈለጋትም። መጋዙ ሳይጠፋ፣ ከግድግዳው ማዶ የአባባ ድምፅ መጣ።

"ሰምቻለሁ በያት!"